ፎሶሊያው ተቀንጥሷል

ረጅሙ፣

ፎሶሊያው ታጥቦ፣ ጫፍና ጫፉ ተቀንጥሶ ሳህን ላይ አለ። ካደረ ይጠወልጋል፤ ዛሬውኑ ሥራው።

ውኃው ሲንተከተክ ጨው ነስንስና ጨምረው፤ አትክደነው። አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። አንተ "ደማቅ አረንጓዴ ሲሆን" ትላለህ፤ እኔ የማውቀው በጥርሴ ነው። አንዷን ንከስ፤ ለስለስ ብላ ቀጭ ካለች አውጣውና ቀዝቃዛ ውኃ አፍስስበት። ከዚያ በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ለአፍታ ማገላበጥ ነው።

ቀይና አረንጓዴ እንደማይለይልኝ የነገርኩህ እዚሁ ወጥ ቤት፣ ፎሶሊያ እየቀነጠስን ነበር።
"አትስጋ አንተ ሰውዬ፣ ከሆዴ አይወጣም" አልከኝ።

ትናንት አለቃችን ጠራኝ። "ጓደኛህ ባይነግረኝ ኖሮ" ብሎ ጀመረና ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥራ አንስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት መደበኝ። በቴስተር ሳልፈትሽ አንድ ሽቦ አገናኝቼ እንደማላውቅ አንተ ታውቃለህ። አለቃው ማወቅ ነበረበት፣ አልክድም። ፈርቼ መደበቄም የእኔ ጥፋት ነው።
ግን ከእኔ አፍ መስማት ነበረበት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ቦታዬ ለአንተ መሰጠቱን ከሰው ሁሉ በኋላ ከማስታወቂያ ሰሌዳው አነበብኩ። ትናንት ጠዋት አብረን ቁርስ ስንበላ ትንፍሽ አላልክም።

እህቴ ዘንድ ነኝ። እሁድ መጥቼ ዕቃዬን እወስዳለሁ። እስከዚያ አትደውል።

ቡናማ ነጠብጣብ ያለበትን ሁልጊዜ የምትለቅምልኝ አንተ ነበርክ። ዛሬ የለቀምኩት ብቻዬን ስለሆነ፣ ከመቀቀልህ በፊት አንድ ጊዜ እየው።

ደግሞ በዝቷል ብለህ አትገረም። ለሁለት ሰው ነው የቀነጠስኩት፤ እጄ ለምዶ።