ግርማ ፈረስ ላይ

እሑድ፣ ጥቅምት 7 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ልደታ

ቢሮ አጠገቤ የሚቀመጠው ግርማ ከሞንጎሊያ ስለተመለሰ፣ እንኳን ደህና መጣህ ልለው አብነት ቤቱ ሄጄ በቅናት እርር ብዬ መጣሁ። የተላከው የከብት ሕክምና ሊያይ ነው፤ የሚያወራው ግን ስድስት ቀን በፈረስ የሣር ሜዳ ስለማቋረጡና በየምሽቱ ዘላኖች ድንኳን ስለማደሩ ነው። ፎቶውን አየሁት። ልጓሙን ለቆ ኮርቻውን በሁለት እጁ አንቆታል። ፈረሱ ራሱ ያፈረበት ይመስላል!

ከመሄዱ በፊት ለጉዞው ለመመረጥ ሁለታችንም የሞላነው ቅጽ «ፈረስ መጋለብ ይችላሉ?» ይል ነበር። ፈረስ ነክቶ የማያውቀው ግርማ «አዎ» ብሎ ጻፈ። ሰላሌ በአባቴ ፈረሶች ላይ ያደግኩት እኔ «አልችልም» አልኩ። የት ተማርክ ብለው ቢጠይቁኝ የባላባት ልጅነቴ ይወጣል ብዬ ፈራሁ።

እናቱ ፎቶውን ስመው፣ «አንተስ ልጄ፣ ፈረስ ላይ ወጥተህ ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ኧረ እኔ የት አውቄ፣ እማማ! እፈራለሁ።»

ግርማ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ፣ አንድ ቀን አስተምርሃለሁ» አለኝ።

አመሰገንኩት።