የወንድማቸውን ላሞች የመረመሩት ሐኪም

አክስቴ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ እሳቸው፣ የመጨረሻው ደግሞ አባቴ ናቸው።

ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት አጠናቀው፣ በሃያ አምስት ዓመታቸው በእንስሳት ሕክምና ተመረቁ። የመጀመሪያ ሥራቸው በቄራ ሥጋ መመርመር ነበር። በጎማ ቦት ጫማ እርጥቡ ወለል ላይ ቆመው የእያንዳንዱን ከብት ሳንባና ዕጢ ሰንጥቀው ያያሉ። ዕጢው ውስጥ እንደ አይብ የረጋ ቢጫ ነገር ካዩ የሳንባ ነቀርሳን ይጠረጥራሉ፤ ማኅተማቸውንም አያሳርፉም። ነጋዴዎቹ ተናደው «እትዬ ቢላዋ» አሏቸው። ስሙን ወደዱት።

በሃያ ዘጠኝ ዓመታቸው የፊዚክስ መምህሩን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው፣ «ሌላው ሁሉ አልከበደኝም፤ ጥሬ ወተት ተው ስባል ግን ትዳሩን አሰብኩበት» እያሉ ያስቁን ነበር።

በአርባ ዓመታቸው የወተት ላሞችን የቲቢ ምርመራ እንዲመሩ ተመደቡ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የላሟ አንገት ቆዳ ውስጥ ትንሽ መርፌ ይወጋል፣ በሦስተኛው ቀን እብጠቱ ይለካል። ከባዱ ውጤቱን ለባለቤቱ መንገር ነው፤ የታመመችው ላም ብዙ ጊዜ ጸጉሯ የሚያበራ፣ ደህና የምትታለብ ናትና።

አባቴ አሥራ አራት ላሞች ነበሯቸው። ተራው ሲደርሳቸው፣ «እህት ዓለም፣ የእኔን እለፊያቸው። ጤነኛ መሆናቸው ሲያዩዋቸው ያስታውቃል» አሏቸው።

አክስቴም፣ «በዐይን የሚታይ ቢሆንማ መርፌ ተሸክሜ ምን አዞረኝ?» ብለው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

በሦስተኛው ቀን የዘጠኙ አንገት አብጦ ተገኘ። አክስቴ ሁለት ጊዜ ለኩ። ከዚያም ዘጠኙ እንዲወገዱ የሚያዘውን ወረቀት ራሳቸው ፈረሙ። አባቴ በራቸውን ዘጉባቸው፤ አምስት ወር አልተነጋገሩም።

አክስቴ ግን ነገሩን አልተዉም። ከዚያ በረት ወተት የጠጣ ሁሉ እንዲመረመር በየሳምንቱ ለእናቴ ይደውሉ ነበር። አባቴ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው፤ ከጆሮዋ ሥር ያበጠው ዕጢ «የብርድ ነው» ተብሎ ከርሟል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ የሥራ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ መጡ፤ ከእናቴ ጋር ሆነውም ልጅቷን ሆስፒታል ወሰዷት። ከዕጢው በተወሰደው ናሙና በሽታው የከብቶቹ ቲቢ መሆኑ ተረጋገጠ። ዘጠኝ ወር መድኃኒት ወስዳ ዳነች። ያቺ ልጅ ይህን የማነብላችሁ እኔ ነኝ።

ውጤቱ በመጣ ማግስት አባቴ አክስቴ ቢሮ ሄዱ። በሩ ላይ እንደቆሙ፣ «የትኛዋ ላም ናት?» አሉ።

«የትኛዋም ትሁን፣ አሁን የለችም። ግባና ተቀመጥ» አሏቸው፤ ወንበርም ሳቡላቸው።

በኋላ በሽታው በጸዱት በረቶች ተመልሶ ታየ። በጥብቅ ደኑ ዳር ከብቶቹና ጎሾቹ ከአንድ ኩሬ ይጠጡ ነበርና፣ ጎሾቹ ሁሉ ይገደሉ የሚል ሐሳብ ተነሣ። አክስቴ፣ «መጀመሪያ ማን ለማን እንዳስተላለፈ እንወቅ» አሉ። ከሞቱ ጎሾች ናሙና ሰብስበው፣ በሽታው ወደ ደኑ የገባው ከእኛው ከብቶች መሆኑን አሳዩ። ከዚያም ለከብቶቹ የተለየ የውኃ ገንዳ እንዲሠራ ስድስት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተመላለሱ። አንድ ኃላፊ፣ «እኚህ ሴትዮ መልስ ካልሰጠናቸው ጡረታም አይወጡልን» ብለው ፈረሙ ይባላል። ገንዳው ተሠራ፤ ጎሾቹም ተረፉ።

አክስቴ ባደረባቸው የልብ ሕመም ለአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ወንድማቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

አምላክ ደከመኝ ያላሉትን የአክስቴን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን። ለምንወደው ሰው የማይወደውን እውነት የምንነግርበትን ጉልበት ለእኛም ይስጠን።