ፀሐይ ያጣ መስታወት

ልጄ ማስተዋል፣ እመቤቴ በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እንጅባራ ላይ ክረምቱ በርትቷል።

በታይታኒየም ዱቄት ቀብተሽ የላክሽውን፣ በፀሐይ ኃይል የምንጩን ውኃ ከጀርም ያጠራል ያልሽውን መስታወት አባትሽ በጋውን ለመንደሩ ሁሉ ሲያሳይ ከረመ። በሐምሌ ጉሙ ፀሐይን ሲጋርዳት «ውኃውን ላፍላልህ» አልኩት።

«ቀን እስከነጋ ብርሃን አለ፤ የልጄን ሥራ አትናቂ» አለኝና ጠጣ። ተቅማጥ ያዘው፤ በአራተኛው ቀን አረፈ።

ዘመዶቻችን «ትምህርቷን ሳትጨርስ እንዳትሰማ» ብለው ነበር፤ መደበቁ አቃተኝ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ይህንን ግን ለራሴም ማሳመን ተሳነኝ።

ጎረቤታችን ሶስና «ለልጆቼ መስታወቱን አውሽኝ» እያለች ትለምነኛለች። ምክንያቱን ሳልነግራት እምቢ ስላት ኀዘን ክፉ ያደረገኝ ይመስላታል። እባክሽ፣ በደመና እንደማይሠራ አንቺው ጻፊላት።

አምላክ በሰው አገር የሚያጽናናሽ ሰው አያሳጣሽ።

እናትሽ እህተማርያም