ሐኪሟ ያነበበችው ድሪቶ

ይድረስ እህትም እናትም ለሆንሽኝ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ደረጃ በወጣሽ ቁጥር የሚያጉረመርመው ጉልበትሽ አደብ ገዛ ወይስ አሁንም እንዳኮረፈ ነው? እንቅልፍሽስ ተመለሰልሽ? ባለቤትሽን ያ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? ትልቋ በር የምትዘጋው አሁንም በእግሯ ነው? ስለ እኔ ብትጠይቂ ደህና ነኝ። እዚህ ላይ ቆም በይና ይህችን ቃል ደግመሽ ስሚያት። ስምንት ወር ሙሉ በስልክ «ደህና ነኝ» ስልሽ ውሸቴን ነበር። ዛሬ ግን እውነቴን ነው፤ ወረቀት አውጥቼ የተቀመጥኩትም ለዚሁ ነው።

እስከ መጨረሻው ሳትሰሚ አትቆጪኝ። ከዚያ በኋላ እንዳሻሽ ተቆጪ፤ ቁጣሽም ናፍቆኛል።

ነገሩ የጀመረው በቀኝ እጄ ነው። እንደምታውቂው በዚህ የደንብ ልብስ መስፊያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኮሌታና ኪስ ስሰፋ ኖሬአለሁ። አንድ ቀን የሸሚዝ ኮሌታ ሳዞር መስመሩ እንደ ሰካራም ወዲያና ወዲህ አለብኝ። ማሽኑ መሰለኝና ዘይት አጠጣሁት። በማግስቱ ክር ላስገባ መርፌ ባነሣ፣ ቀዳዳው አንድ ቦታ አልቆም አለኝ። የሚንቀጠቀጠው መርፌው ሳይሆን እጄ መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ፤ አባባ ድቅን አለብኝ።

አባባን አንቺ ከእኔ ይበልጥ ታስታውሺዋለሽ። ሰዓት ሠሪ ሰው፣ የፀጉር ያህል የቀጠነ ሽቦ በትንፋሹ የሚያነሣ ሰው፣ እጁ ሲከዳው ከኮቱ ኪስ አላወጣ ብሎ በጠራራ ፀሐይ «በረደኝ» ይል ነበር። በኋላማ ብርጭቆው ከጥርሱ ጋር እየተጋጨ ሲያስቸግረው በማንኪያ ያጎረስሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ከበሩ ኋላ ቆሜ እመለከት ነበር። «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይባል የለ? ደረሰ አልኩ፤ ወረሰኝ አልኩ። ብነግርሽ ያን ማንኪያ ዳግመኛ እንደምታነሺ ስለማውቅ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። ጽሕፈቴ እንዳያሳብቅብኝ ደብዳቤ መጻፍ ተውኩ። በስልክም ካሜራውን ወደ ፊቴ ብቻ አድርጌ አወራሽ ነበር።

አለቃችን ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ «ሜትሯ» እንላታለን እንጂ ክፉ ሰው አይደለችም። ሦስት ኮሌታ በአንድ ቀን ቢመለስባት ጠራችኝና «እስኪሻልሽ ቁርጥራጭ ክፍል ግቢ» አለችኝ። ቁርጥራጭ ክፍል ማለት ከቆራጮቹ ጠረጴዛ የወደቀው ጨርቅ ሁሉ በየቀለሙ ተለይቶ በጆንያ የሚታሰርባት፣ አንዲት ትንሽ መስኮት ያላት ክፍል ናት። እዚያ የሚገባው ወይ አዲስ ነው ወይ ጡረታ የደረሰ። እኔም ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ «አበቃልኝ» ስል ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ በምሳ ሰዓት ሁለት ቁራጭ አንሥቼ በእጅ መርፌ አያያዝኳቸው። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት እጄን ልፈትነው፣ ምናልባትም እልህ ነው። አንዱ የነርሶች ሰማያዊ ፖፕሊን፣ ሌላው የጥበቃዎች አረንጓዴ ካኪ ነበር። ስፌቱ ተጣመመ። እንደ ወትሮው ልተረትረው ምላጭ ካነሣሁ በኋላ ግን ትክ ብዬ ሳየው፣ ጠማማው መስመር ለሁለቱ ጨርቆች አንዳች ነገር ጨምሮላቸዋል። ቀጥ ብሎ ቢሰፋ ኖሮ ዞር ብዬም አላየው። ምላጩን አስቀመጥኩና ሦስተኛ ቁራጭ ቀጠልኩ።

እትዬ፣ ከዚያ ወዲያ ያገኘሁትን ደስታ እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ልክ ስሰፋ ኖሬ፣ ልክ የሌለው ነገር ስሰፋ የመጀመሪያዬ ነው። ሜትር የለ፣ በሳሙና ማስመር የለ፣ «ስንት ይመጣል» ብሎ ማሰብ የለ። ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ጆንያው ውስጥ እሰድና የመጣልኝን አወጣለሁ። ቢያጥር እቀጥልበታለሁ፤ ቢረዝም በመቀስ ሸረፍ አደርገዋለሁ፤ የሸረፍኩት ደግሞ በማግስቱ ሌላ ቦታ የጎደለውን ይሞላል። ማንም የማይወደው የጽዳት ሠራተኞች ቡኒ ከቢጫ ገበር አጠገብ ሲገባ ሙሽራ ሆኖ ቁጭ ይላል። አንዳንዴ «በቃ፣ አበላሸሁት» ብዬ ወርውሬው እሄዳለሁ፤ ጠዋት ስመለስ ከሁሉ የሚያምረው ያ የተበላሸው ቦታ ሆኖ ይጠብቀኛል። ከመካከል ጀምሬ ዙሪያውን እየጨመርኩ ስለምሄድ ነገ ምን እንደሚመስል እኔም አላውቅም፤ ለማወቅ ስል ነው ጠዋት ከአልጋዬ የምነሣው። አንቺ ብታዪው «ይሄማ ድሪቶ ነው» ትያለሽ። እኔም ድሪቶ ብዬዋለሁ፤ ግን ባለማዕረግ ድሪቶ ነው።

ወሬው ተሰማና ቆራጮቹ ደህና ቁራጭ ሲያገኙ «ለድሪቶዋ» እያሉ ያቀብሉኝ ጀመር። ተኳሹም በየቀኑ ያለቀውን በካውያ ይተኩስልኛል። ሱሪ ሲተኩስ መስመሩ ጣት ይቆርጣል ስለሚባል «ቀጥአርጌ» ነው የምንለው። ምስኪን፣ ድሪቶዬ ፊት ሲቀርብ ግራ ይገባዋል። «ቆይ፣ ይሄን ነገር ከየት ጀምሬ ነው የምተኩሰው? ጫፍ የለው፣ መሐል የለው!» እያለ ያጉረመርማል። ይህን ብሎ ሲያበቃ ግን ከኪሱ የሰበሰባትን ቀይ የካፖርት ገበር ያወጣና «ይቺ እዚህ ጋ ብትገባ ምን ይመስልሻል?» ይለኛል።

ሐኪም ቤት የገፋኝም እሱ ነው። አንድ ቀን ውኃ ስጠጣ እጄን አየና ካውያውን አስቀመጠ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ነገ ካልሄድሽ ድሪቶሽን ከዛሬ ጀምሮ አልተኩስም» አለኝ። እንግዲህ እሱ ካልተኮሰው ተጨማዶ ሊቀር ነው፤ ሄድኩ።

ሐኪሟ ከእኔ የምታንስ፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ ጥያቄዋ የማያልቅ ሴት ናት። እጅሽን ዘርጊ፣ ጣትሽን ከአፍንጫሽ አድርሺ፣ እስከ በሩ ሄደሽ ተመለሺ አለችኝ። የአባባን ነገር ስነግራት ብዕሯን አቆመች። የምትወስጂው መድኃኒት አለ ስትለኝ የለም አልኳት። መቼ ይብስብሻል፣ መቼስ ይሻልሻል ስትለኝ «ሁልጊዜ ነው» አልኩ። «ሁልጊዜማ አይሆንም። ባለፉት ወራት በእጅሽ የሠራሽው ነገር ካለ፣ ጽሕፈትም ይሁን ሌላ፣ በሚመጣው ሳምንት ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። ድሪቶ ብቻ ነው ያለኝ ብላት ሳቀችና «ድሪቶውን አምጪው» አለች።

አሁን ቂልነቴን ስሚ። ቀጠሮዬ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ከሥራ ስገባ ድሪቶውን አልጋዬ ላይ ዘርግቼ ተመለከትኩት። እኛ ስፌተኞች ጠማማ ስፌት ለባዳ አናሳይም፤ ተርትረን አስተካክለን ነው የምንሰጠው። ለራሴ ያማረኝ ሁሉ፣ ሐኪም ልታየው ነው ስል አሳፈረኝ። ምላጬን አነሣሁና መካከል ላይ ያሉትን፣ በጣም የከፉትን አምስት ስፌቶች ተረተርኳቸው። መልሼ ልሰፋቸው ብል እጄ ጭራሽ እምቢ አለ። በመርፌ ቁልፍ አያይዤ፣ አጣጥፌ ይዤ ሄድኩ። እንዲህም አድርጎ መታከም የለ! በሽታን ለማሳየት የሚሄድ ሰው በሽታውን ደብቆ ይሄዳል?

ሐኪሟ ድሪቶውን በምርመራ አልጋው ላይ ዘረጋችና መርፌ ቁልፎቹን አየች። «እዚህ ጋስ?» አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ «እሱ ገና አልተሰፋም» አልኳት። አነሣችና ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ካኪ ድርብ ጨርቅ ነው፤ መርፌ የወጋውን ቀዳዳ ቶሎ አይዘጋም። ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ሲገባ የእጄ መንቀጥቀጥ አንድም ሳይቀር ነጠብጣብ ሆኖ ወጣ። «ታዲያ ይሄን ማን ወጋው?» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጥሩነቷ፣ አልተቆጣችኝም። ይልቅ የትኛው ጨርቅ መቼ እንደተሰፋ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። ይህን እንኳን በደንብ አውቃለሁ፤ ጆንያ ውስጥ የሚገባው ሰሞኑን የተቆረጠው ጨርቅ ስለሆነ ድሪቶዬ በየትእዛዙ ተራ የተሰፋ ነው። መካከል ላይ ያሉት ሰማያዊና አረንጓዴው የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ቀጥሎ የተማሪዎች ባለመስመር ጨርቅ መጣ፤ ትእዛዙ ብዙ ስለነበር ሁለት ወር ሌላ ጨርቅ አላየንም። ከዚያ ቡኒው። ሐኪሟ ጣቷን በባለመስመሩ ዙሪያ አስኬደችና «ይሄን ዐይተሽዋል?» አለች። ቀረብ ብዬ አየሁት። መጀመሪያው ትንሽ ይወላገዳል፤ ወደ መጨረሻው ግን ስፌቱ ቀጥ ያለ ነው። ቡኒው ላይ እንደገና ይንቀጠቀጣል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ እጅም እንደዚያው ነው ለካ! ስድስት ወር ይዤው ስዞር አላየሁትም።

በዚያን ጊዜ ምን ተለወጠ አለችኝ። ምንም አልኳት፤ ከሥራ በቀር። ሥራ በዝቶ አምሽተን ስለምንወጣ የሰፈሬ መድኃኒት ቤት ሳልደርስ ይዘጋል፤ የማቅለሽለሽ ክኒኔን እንኳን ሳልገዛ ነው የከረምኩት አልኩ። ሐኪሟ ቀና አለች። «የምን ክኒን?» አለችኝ። አምና ሆዴ ሲያስቸግረኝ የጀመርኳት አንዲት ትንሽ ነጭ ክኒን ነበረች፤ በቀን ሦስት ጊዜ እውጣት ነበር፤ ትእዛዙ ሲያልቅም መልሼ ገዛኋት። ልሙት እትዬ፣ ሆነ ብዬ አልዋሸኋትም። እንደ መድኃኒት ሳልቆጥራት ነው።

አንዳንድ ሰው ላይ ይህች ክኒን ለረጅም ጊዜ ስትወሰድ ልክ እንደዚህ እንደምታንቀጠቅጥ አስረዳችኝ። አቋርጪያት፣ ለሆድሽ ሌላ እሰጥሻለሁ፣ ሁለት ወር እንጠብቅ፤ ካልተወሽ ግን ሌላውን እንመረምራለን አለች። አባት ስለታመመ ልጅ ሁሉ ይታመማል ማለት እንዳልሆነም ነገረችኝ። እነዚያን ሁለት ወራት እንዴት እንዳሳለፍኳቸው አልነግርሽም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ እሰፋለሁ፤ ስፌቱን ግን ፈርቼ አላየውም፤ ቀጥአርጌ ነው የሚያየው። አንድ ቀን ሲተኩስ ቆየና «ሴትዮ፣ ድሪቶሽ ሥርዓት እየያዘ ነው፤ ውበቱ ጠፋ» ብሎ ቀለደብኝ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ዓይኑን ሲጠርግ ግን አይቼዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሐኪሟ እጄን ደጋግማ አየች፣ አስኬደችኝ፣ አጻፈችኝ፣ በመጨረሻም «የአባትሽ በሽታ አይደለም» አለችኝ። ከክፍሏ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። የሐኪም ቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ዘበኛው ሰው የሞተብኝ መስሎት መጣና «አይዞሽ እህቴ፣ ሁላችንም መንገደኞች ነን» አለኝ። «ኧረ የሞተ የለም ጋሼ፣ ድኜ ነው» ብለው ማጽናናቱን ትቶ «ታዲያ እንዲህ ታስደነግጪናለሽ?» ብሎ ተቆጣኝ። እፎይ፣ እትዬ! ነፍሴ መለስ አለች። ወደ ኮሌታዬ ተመልሻለሁ፤ የምሳ ሰዓቴን ግን ለማንም አልሰጥም፣ ቁርጥራጭ ክፍል ነኝ።

አሁን ተራው የአንቺ ነው። ያለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ በትልቋ ልጅሽ እጅ የተጻፉ ናቸው። መነጽርሽ ተሰበረ ብለሽኛል፤ መነጽር ለመሥራት ዓመት አይፈጅም። በስልክ ስንተያይ ስልኩን ከግድግዳ አስደግፈሽ፣ ቀኝ እጅሽን ከሻርፕሽ ሥር አድርገሽ ነው የምታወሪኝ። ሌላውን ታታልዪ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ሙያ ስምንት ወር ሠርቼበታለሁ። ምናልባት ያንቺም እንደ እኔው የማይረባ ክኒን ነው፤ ምናልባት ድካም ነው፤ ምናልባትም የፈራነው ነው። የቱም ቢሆን ብቻሽን አትያዥው። ሜትሯ የሦስት ሳምንት ፈቃድ ሰጥታኛለች፤ ወሩ ሳያልቅ መጥቼ ሐኪም ቤት አብረን እንገባለን።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ሻሉን ይልበስ፣ ጀግንነቱን ሳሉ እስኪለቀው ያቆየው። ለመንትዮቹ፣ ካልተጣሉ ለሁለቱም፣ ከተጣሉ ለተበደለው፣ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ትልቋ ልጄ፣ ይህን የምታነቢላት አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። ጽሕፈትሽ ያምራል፤ የእናትሽን ምስጢር ስለጠበቅሽም አልወቅስሽም። ከላይ ያለውን ግን አንድም ቃል ሳትዘዪ አንብቢላት።

እትዬ፣ እጅሽን እስማለሁ። ቀኙን ነው የምስመው፤ ከሻርፑ ሥር አውጪው።

ታናሽ እህትሽ
ከቁርጥራጭ ክፍሉ መስኮት ሥር
ኅዳር ፲፩ ቀን