ያን ጠዋት በርዎ ላይ የተከመረው በረዶ

ውድ ወይዘሮ ፈርናንድ፣

ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስሜን ጠርተው ሲያመሰግኑኝ ተነሥቼ የወጣሁት ዓይን አፋር ስለሆንኩ አይደለም። ከወጣሁ በኋላ "ተዉት፣ ዤርቬ ምስጋና አይችልም" ብለው ሰዉን እንዳሳቁ ባለቤቴ ሊዝ ነገረችኝ። እኔ ያን ጊዜ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ሳግኔ ወንዝ እየነዳሁ ነበር። ወንዙ ዳር ደረስኩና የምሠራው ነገር ስለሌለ ተመለስኩ። መንደሩ አፋፍ ላይ ስደርስ ደግሞ ቤት መግባት አቃተኝና እንደገና ወደ ወንዙ ዞርኩ።

ከጥር ወዲህ እንዲህ ነኝ። ሊዝ "የምትቀመጥበት ወንበር እሾህ አለው እንዴ?" ትለኛለች። ሥራ ፈትቼ አይደለም። ዘንድሮ እንደሚያዩት ሰማዩ የተቀደደ ይመስል በረዶው አላባራም፤ የሃያ ሰባት ቤት መግቢያ እጠርጋለሁ። ጨርሼ ስሄድ ግን ልቤ አያምነኝም። ዞሬ እመጣለሁ። የጠረግኩትን እንደገና አያለሁ። መግቢያው አፍ ላይ አንድ ክንድ የምታህል ክምር ከቀረች ከመኪናዬ ወርጄ በእጅ አካፋ እዝቃታለሁ። ሰው "ዤርቬ ዘንድሮ ሥራው ጠራ" ይላል። ከምን የተነሣ እንደጠራ አያውቅም።

እውነቱን ልጻፍልዎ። ያን ጠዋት አምቡላንሱን በርዎ ላይ ያቆመው በረዶ መንገድ የሚጠርገው የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ገፍቶ የተወው አይደለም። እኔ ነኝ ያመጣሁት። ሳላውቅ አይደለም፣ ረስቼም አይደለም። ሆን ብዬ ነው።

ከየት እንደጀመረ ልንገርዎ። ዘጠኝ ክረምት መግቢያዎን ስጠርግ ኖሬአለሁ። አምና በረዶው ሲቀልጥ እናትዎ የተከሏት ሐምራዊ አበባ የምታብበው ቁጥቋጦ ከግንዷ ተሰብራ አገኟት። መጥተው ሲጠይቁኝ "የበረዶ ክብደት ነው የሰበራት" አልኩዎት። ውሸቴን ነበር። የካቲት ላይ ከመኪናዬ ፊት የተገጠመው የብረት መግፊያ መትቷት ቀጭ ስትል ሰምቻለሁ። ወርጄ እንኳ አላየሁም። እርስዎም እንደዋሸሁ ገብቶዎታል፤ በበልጉ ተገናኝተን ስንነጋገር ስለ ዝናብ ብቻ ነበር የሚያወሩኝ።

ከዚያ ኅዳር ላይ ብሎን ልገዛ ዕቃ መሸጫው ስገባ እርስዎ አዲስ አካፋ እያማረጡ ነበር። ባለሱቋ ኦዴት፣ "እትዬ ፈርናንድ፣ አካፋ ምን ያደርግልዎታል? ዤርቬ አለልዎት አይደል?" አለች።

እርስዎ መግባቴን አላዩም። "ዤርቬ እኮ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠርገው። በሰባ ሁለት ዓመቴ እኔ እሻለዋለሁ" አሉ።

ምድጃው ዙሪያ የተቀመጡት ወንዶች በሳቅ ፈነዱ። ማርሴል ዞር ብሎ አየኝና "ና ዤርቬ፣ መነጽር ልግዛልህ?" አለኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ብሎኑን ሳልገዛ ወጣሁ። ሰው በሰደበው ላይ ቂም ቢይዝ ያምርበታል፤ እኔ ግን የያዝኩት እውነቴን በነገረኝ ሰው ላይ ነው። ሐሰት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ቶሎ ይወጣልኝ ነበር።

ዘንድሮ መግቢያዎን ከእጄ ወስደው ራስዎ መጥረግ ጀመሩ። የመጀመሪያው በረዶ ሲወድቅ በንጋት መጥቼ ከፊት ለፊትዎ ያለውን የቡሻር ቤት መግቢያ እጠርግ ነበር። እርስዎ በቀይ ኮፍያዎ ብቅ ብለው በረዶውን እንደ ዳቦ እየቆራረጡ ወደ ጎን ይጥላሉ። ልቡ ስለታመመ አካፋ የተከለከለው ባልዎ አቶ ሮዜር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ በጣቱ "እዚያ ጋ ቀርቷል" ይልዎታል፤ እርስዎም አካፋውን አንሥተው ያስፈራሩታል። ሳያችሁ ደስ አላለኝም። ያለ እኔ የምትኖሩ መሰላችሁኝ።

የገፋሁትን በረዶ በቡሻር ግቢ ጎን መከመር ነበረብኝ። ያን ዕለት ግን እርስዎ ጨርሰው ከገቡ በኋላ መንገዱን አሻግሬ ገፋሁትና መግቢያዎ አፍ ላይ ጣልኩት። ትንሽ ነበር። "የማዘጋጃ ቤቱ መኪናም ሲያልፍ ያመጣባታል" አልኩ ለራሴ። እውነትም ያ መኪና በየሰዉ በር ክምር ስለሚተው የእኔን ከእሱ የሚለየው ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ጨመርኩ። ከዚያም በየጊዜው። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያ ሳልፍ ጎንበስ ብለው ክምሩን ሲሰብሩ አይዎታለሁ። ቀና ብለው እጅዎን ያነሡልኛል። የሱቁን ነገር ጨርሰው የረሱት ይመስሉ ነበር። እኔም እጄን አነሣለሁ።

ጥር ላይ፣ ያን ሐሙስ፣ የወደቀው በረዶ እርጥብ ነበር። ሁለት ጊዜ ገፍቼ አሻገርኩት። ወገብ ይደርስ ነበር። ቀጥሎ ብርዱ ሲወርድበት እንደ ድንጋይ ጠጠረ። እኔ ወደ ታችኛው መንደር ሄድኩ። ስመለስ የአምቡላንሱ ቀይ መብራት በርዎ ላይ ይሽከረከራል። የአምቡላንሱ ሁለት ሰዎች ከእርስዎ ጋር ክምሩን ይቆፍራሉ፤ ቃሬዛው መንገዱ ላይ ቆሟል። እርስዎ በቤት ልብስዎ ላይ የአቶ ሮዜርን ቦት ጫማ አጥልቀው፣ አካፋው ተሰብሮብዎት፣ በእጀታው ይወጉት ነበር። አልጮሁም። የሚሰማው ትንፋሽዎ ብቻ ነበር።

መግፊያዬን አውርጄ አንዴ ገፋሁት። ወዲያው ተከፈተ። ቃሬዛው ገባ፣ አቶ ሮዜርን ይዞ ወጣ። ያን ጊዜ እጅጌዬን ያዙና፣

"እግዚአብሔር ነው የላከህ፣ ዤርቬ" አሉኝ።

አዎ እንደማለት ራሴን ነቀነቅኩ። ወይዘሮ ፈርናንድ፣ በሕይወቴ ካደረግኩት ሁሉ የሚያሳፍረኝ ያ ነው። በረዶውን የጣልኩት በቂም ነው፤ ቂም ያለበት ሰው ብዙ ነው። ራሴን የነቀነቅኩት ግን ሰው ሆኜ ነው ለማለት ይከብደኛል።

ከዚያ በየዓርቡ የአተር ሾርባ በድስት መላክ ጀመሩ። ሊዝ እየጠጣች "ምነው አትቀምስም? ጨው በዛብህ?" ትለኛለች። ሆዴን አሞኛል እላለሁ። ድስቱን አጥቤ ስመልስ ደግሞ ፊትዎን ላለማየት በረንዳው ላይ አስቀምጬ እሮጣለሁ። ከአምቡላንሱ ሰዎች አንዱ ሱቅ ውስጥ "በረዶው አሥራ አንድ ደቂቃ በላብን" ሲል ሰማሁት። ስትሮክ የመታው ሰው ደቂቃው ውድ ነው አለ። የአቶ ሮዜር ቀኝ ክንድና ምላስ በእነዚያ ደቂቃዎች ይሁን በሕመሙ እንደተያዙ የሚያውቅ ሐኪም የለም። እኔም አላውቅም። ባለማወቄ ግን ነጻ አልወጣም።

አቶ ሮዜር ከሆስፒታል ከተመለሰ በኋላ እርስዎ መድኃኒት ሊገዙ ሲሄዱ አብሬው እንድቀመጥ የጠየቁኝን ማክሰኞ ያስታውሳሉ? በሩ ከኋላዎ እንደተዘጋ መስኮቱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። ከእህል ጠጠር እንደሚለቅም ሰው ቃል በቃል እየለየ፣

"አይቼሃለሁ" አለኝ።

"ምኑን?" አልኩ።

"በየጠዋቱ። ከቡሻር... ወደ እኛ።"

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለምን ዝም እንዳለ ጠየቅኩት።

"ብነግራት... በአካፋው ትፈነክትህ ነበር" አለና በግማሽ አፉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። "መጀመሪያ... እንደ ቀልድ አየሁት። ኋላ ልገሥጽህ አሰብኩ። ዛሬ፣ ነገ ስል..." ደህናውን እጁን ወደ ታመመው ክንዱ ወሰደና ተወው።

እግሩ ሥር ወድቄ ይቅርታ ለመንኩት። አንገቱን አዞረ።

"እኔ ያጣሁት ክንድ ነው። እሷን ግን... እያት። በእንቅልፏ ትባንናለች። ያን ጠዋት ክምሩን በመስኮት አየችው። 'ቡናዬን ጠጥቼ እጠርገዋለሁ' አለች። ሲኒው ሳያልቅ ወደቅኩ። ከዚያ ወዲህ ቡና... አትጠጣም። 'ያን ጊዜ ብነሣ ኖሮ' ትላለች። 'ዤርቬን ባላስቀይመው ኖሮ በሩ ይጠረግ ነበር' ትላለች።"

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። የእኔን ኃጢአት የተሸከምኩት እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ እርስዎ ጋ ነበር ያደረው።

"ንገራት" አለኝ አቶ ሮዜር። "እኔ አልሸከምልህም።"

ከእሑድ በፊት እነግራታለሁ ብዬ ቃል ገባሁለት። ረቡዕ በርዎ ድረስ መጥቼ መግቢያውን ጠርጌ ተመለስኩ። ሐሙስም እንዲሁ። ዓርብ በሩን ከፍተው "ግባ እንጂ፣ ምን ያንከራትትሃል?" ሲሉኝ ሌላ ቤት ይጠብቀኛል አልኩ። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ መኪናዬን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። እሑድ ደግሞ እርስዎ ቀደሙኝና በሰው ሁሉ ፊት የባልዎን ነፍስ ያተረፍኩ አደረጉኝ። አቶ ሮዜር ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ ቀና ብሎ ሲያየኝ ነው የወጣሁት።

ትናንት ለሊዝ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "ታዲያ ደብዳቤው ምንድን ነው? አፍ የለህም?" አለችኝ። አፍማ አለኝ። አፌን ስለማውቀው ነው የጻፍኩት። ፊትዎን እያየሁ ብናገር ነገሩን አሳንሰዋለሁ፤ "ትንሽ በረዶ ነበር" እላለሁ፤ እርስዎም ደግ ስለሆኑ ያምኑኝ ይሆናል። ወረቀቱ ላይ ግን አንዴ የጻፍኩትን ወገብ የሚደርስ ክምር መልሼ ቁርጭምጭሚት ላደርገው አልችልም።

ደብዳቤውን በፖስታ አልልከውም። ነገ ቁርስ ካደረጉ በኋላ በእጅዎ እሰጥዎታለሁ፤ አንብበው እስኪጨርሱ በረንዳው ላይ እቆማለሁ። ሊሰድቡኝ ቢፈልጉ እዚያው አለሁ። ሂድ ካሉኝ እሄዳለሁ። የሚመጣው እሑድ አዳራሹ ውስጥ የምናገረው ነገር እንዳለኝ ለቄሱ ነግሬአለሁ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቁኝም። እርስዎ ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም እናገራለሁ። ይቅርታዎን ለማግኘት ብዬ ነው ብል እንደገና ውሸት ይሆንብኛል፤ የጻፍኩት ሌላ ያየው ሰው የሌለ፣ እኔ ብቻ የምመሰክረው አንድ ነገር ስላለ ነው።

ያን ሐሙስ ቡሻር ቤት የደረስኩት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። እርስዎ ጨርሰው ገብተው ነበር። የመኪናዬ መብራት መግቢያዎ ላይ ሲያርፍ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ ታየኝ፤ ከቤቱ ደረጃ እስከ መንገዱ አንዲት እፍኝ በረዶ አልነበረበትም። ዳርና ዳሩን በአካፋው ጫፍ አስተካክለው ነበር። ከሃያ ሰባቱ ቤት እንደዚያ የተጠረገ አልነበረም። አምቡላንሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይገባ ነበር። ወይዘሮ ፈርናንድ፣ እርስዎ አልዘገዩም።

ዤርቬ ላቮዋ