ቅጂ የሌላት ካሴት

ይድረስ ለታላቄ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው ካልሽኝ ወዲህ ስላንቺ ሳስብ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ጉልበትሽ ሆኗል። የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው? ልጆቹስ ቁመትሽ ላይ ደረሱ ወይስ ጥለውሽ ሄዱ? እኛ ሁላችን ደህና ነን። ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ ከአምና ወዲህ ምን እንደጎደለብን ታውቂያለሽ። አባባ ደህና ናቸው። ይበላሉ፣ ጠዋት ጠዋት እስከ መንገዱ ጫፍ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ፣ ጋዜጣቸውን ከዳር እስከ ዳር ያነባሉ። ከጉሮሯቸው ኦፕራሲዮን ወዲህ የሌለው ድምፃቸው ብቻ ነው። የሚሉትን ሁሉ በኪሳቸው በሚይዟት ደብተር ይጽፋሉ፤ ቁጣቸውንም ጭምር። ሲቆጡ እርሳሱ ይሰበራል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። እሁድ ስትደውዪ አባባ ጎኔ ተቀምጠው አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ነው የሚያዳምጡሽ፤ የምነግርሽን በፊታቸው መዘርገፍ አልቻልኩም። ደግሞ ከደብዳቤው ጋር የሚደርስሽ ዕቃ አለ፤ ዕቃው ያለ ደብዳቤው አይገባሽም። ረዘመ ብለሽ እንዳትቆጪ። በቤታችን ማሳጠርን የወረሰ ሰው የለም።

እንደምታውቂው እንጀራዬ ሊፍት መጠገን ነው። የሊፍት ሰው አንድ አመል አለው፤ በአንድ ገመድ ብቻ የተንጠለጠለ ነገር ሲያይ ሁለተኛ ገመድ ካልጨመረበት አያርፍም። በቤታችን ደግሞ ሁሉ ነገር በአንዲት አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሠርጌ ቪዲዮ፣ የልጆቹ ፎቶ፣ ባለቤቴ የምትከታተላቸው ፊልሞች፣ ኋላ ደግሞ ከሁሉም በላይ ከአባባ ካሴቶች የገለበጥኩት። አባባ ለዓመታት በካሴት እየቀዱ ይልኩልሽ የነበሩትን ደብዳቤዎች ማለቴ ነው። የመጀመሪያዋ መንገድ ላይ ከጠፋች ወዲህ፣ ከመላካቸው በፊት በባለ ሁለት ካሴቱ ቴፓችን ቅጂ ያስቀሩ ነበር። ያንቺዎቹ ቤት ስትቀይሩ እንደጠፉ ነግረሽኛል። ስለዚህ የአባባ ድምፅ የቀረው እኛ ቤት ቅጂዎቹ በተቀመጡበት ካርቶን ውስጥ ነው። የእማዬም እንደዚያው። አባባ ሲቀዱ ከጓዳ ብቅ ብላ “ሻይህ ቀዘቀዘ” የምትለው እዚያ አለ። እሷ ካረፈች ስንት ዓመቷ፣ ሻዩ ግን እስከ ዛሬ እንደቀዘቀዘ ነው።

አምና ለአባባ ሳልነግር ሠላሳ ዘጠኙን ካሴት ወደ ወርክሾፕ ወሰድኩና በምሳ ሰዓቴ ከተውሶ ቴፕ ወደ ኮምፒውተር፣ ከዚያም ወደዚያችው ዲስክ ቀዳኋቸው። ካሴት እንደ ፎቶ በአንዴ አይገለበጥም፤ የአንድ ሰዓቱን ካሴት አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብለሽ ታስጨርሺዋለሽ። ሦስት ወር ፈጀብኝ። ያልነገርኳቸው የራሳቸውን ድምፅ መስማት ያማቸዋል ብዬ ነው። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

ቀድቼ እንደጨረስኩ አሮጌዋ ዲስክ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረች። ሰፈራችን ወዳለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ይዣት ሄድኩ። ዲስክ ጆሮው ላይ ለጥፎ ስለሚያዳምጥ ሰዉ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። አዳመጣትና “ይቺማ ጓዟን እየሸከፈች ነው፤ ያላትን ቶሎ ተቀበላት” አለኝ። አራት ዲስክ የምትይዝ ትንሽ ሳጥንም አሳየኝ። ሳጥኗ ቤት ትቀመጥና ቴሌቪዥኑም ስልካችንም የልጆቹ ታብሌትም ፊልሙንና ፎቶውን ከእሷ ያገኛሉ። ዋናው ጥያቄ አራቱ ዲስኮች እንዴት ይኑሩ የሚለው ነው። አራቱን አጋጥሞ እንደ አንድ ትልቅ ዲስክ ማድረግ ይቻላል፤ ቦታው ሰፊ ይሆናል፣ አንዱ ሲሞት ግን ሁሉንም ይዞ ነው የሚሄደው። ወይም የሦስቱን ያህል ቦታ ተጠቅሞ የአንዱን ያህል ለመጠባበቂያ መተው ይቻላል፤ አንዱ ቢሞት የነበረው ከቀሩት ላይ ተሰልቶ ይመለሳል፣ እስኪመለስ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በዚያ መሃል ሌላው ከደገመ አበቃ። ወይም ደግሞ ሁለት ሁለት አድርጎ ማጣመር ነው፤ በአንዱ የተጻፈው በጥንዱም ይጻፋል፣ በዚያ ፋንታ ግማሹን ቦታ ታጪያለሽ።

ባለቤቴ ቦታ ሰፊውን ወደደች፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብላ ተረተችብኝ። እኔ ጥንዶቹን መረጥኩ። “አራት ገዝተህ ሁለት ታሳየኛለህ?” አለችኝ። ስለ ሊፍት ገመድ ላስረዳት ስሞክር “ቤታችን ምድር ላይ ነው፣ ወዴት እንወድቃለን ብለህ ነው” ብላ ዘጋችኝ። ቢሆንም እኔ ያልኩት ሆነ፤ ሳጥኗንም ሳሎን ከቴሌቪዥኑ በታች አስቀመጥናት። አሮጌዋ ዲስክ በሳምንቱ ሞተች። እኔም ብልጥነቴን ለሚሰማኝ ሁሉ አወራሁ።

ጅልነቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋ ፊልም አምጣ አምጣ አሉኝ፣ ቦታው ጠቦ ነበር። የአባባን ካሴቶች የያዘውን ፎልደር አየሁት። እያንዳንዱ ነገር ሁለት ቦታ አለ አይደል፣ ከዚህ ባጠፋው ከጥንዱ ላይ ይቀራል አልኩና አጠፋሁት። ከአራት ገመድ አንዱን ብትፈቺ ሦስቱ ይቀራሉ፤ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ይሄንኑ ነው። በተለቀቀው ቦታ ላይ ፊልም ሞላሁበት። ከዚያ ከጥንዱ ላይ ካሴቶቹን ብፈልግ አንዲትም አጣሁ። ሳጥኗን አቅፌ ወደ ዶክተሩ ሮጥኩ። ቀና ብሎ አየኝና “መስታወት ፊት ቆመህ ጢምህን ብትላጭ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ጢሙን ያስቀምጥልሃል?” አለኝ። እንዳይመልሰው ደግሞ ፊልም ጽፌበታለሁ። “ጥንድ ዲስክ ከዲስክ ሞት ይጠብቅሃል እንጂ ከራስህ አይጠብቅህም” አለኝ። “ከራስህ የሚጠብቅህ ሌላ ቤት ያለ ቅጂ ነው።”

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ ካሴቶቹን እንደ አዲስ ልቀዳ ተቀመጥኩ። ባለቴፑ ግን ቴፑን ወስዶ ነበር። የቀረው የአባባ የራሳቸው ቴፕ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለው እሳቸው ክፍል ነው። ጠዋት ለእግር መንገድ ሲወጡ እየጠበቅሁ፣ ሥራ በማልገባባቸው ቀናት አንድ አንድ ካሴት እቀዳ ጀመር። አንድ ቀን ዝናብ ከመንገድ መለሳቸው። ጃንጥላቸው እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ድምፃቸው ክፍሉን ሞልቶታል። ወንድምሽ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ለሦስተኛ ጊዜ ወደቀ እያሉ ለአንቺ እያወሩ ነው። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ መጥተው እጄ ላይ እጃቸውን ጫኑ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ከንፈራቸው ከካሴቱ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ ጀመረ። እያንዳንዱን ቃል ያስታውሱታል እታለም። የፈተናው ወሬ ጋ ሲደርሱ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ፤ ሳቁ ድምፅ የለውም። እኔ አለቀስኩ። ካሴቱ ሲያልቅ ደብተራቸውን አውጥተው “ገልብጠው፣ ሁለተኛው ገጽ ይቀራል” ብለው ጻፉልኝ። ያማቸዋል ብዬ አንድ ዓመት የደበቅኋቸውን ነገር እሳቸው ለካ ሲናፍቁት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሁድ አብረን ሆነ ሥራው። እሳቸው ካሴቱን ያጸዳሉ፣ የተቀዳበትን ዘመን በደብተር ይመዘግባሉ፣ እኔ ኮምፒውተሩን እጠብቃለሁ። ሠላሳ ዘጠኙ ሲያልቅ ከካርቶኑ ሥር ቁጥርም ጽሑፍም የሌለባት አርባኛ ወጣች። አምና ባዶ መስላኝ ትቻት ነበር። ሳላስብ ከተትኳትና “ሚጢጢ” የሚል ድምፅ ወጣ። አንቺን ነው። አባባ ዘለው ቴፑን አጠፉት።

ሳትነግሪያቸው የሄድሽበትን ጊዜ አስቢው። ሁለት ዓመት ሙሉ ስልክ ላይ አልቀርብም ብለው ነበር፤ ሚጢጢ የሚለውን ስምሽንም ማንም እንዳይጠራው ከልክለው ነበር። ካሴት መላክ የጀመሩት እማዬ ካስታረቀቻችሁ በኋላ ነው። ይቺ ካሴት ግን የተቀዳችው ከዚያ በፊት ነው፤ እነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ። ቀድተዋት አልላኳትም። ያን ቀን ከቴፑ አውጥተው ከኪሳቸው ከተቷትና አንድ ሳምንት ሙሉ ስለ እሷ አንድም መስመር አልጻፉልኝም። ደብተራቸውን እያወጡ ይከፍቱታል፣ ያዩታል፣ መልሰው ይዘጉታል። በሳምንቱ እኔ ፊት አስቀመጧትና “ለእሷ ብቻ ቅዳላት። አንተ አትስማ” ብለው ጻፉ።

አልሰማሁም። ድምፁን ዘግቼ ነው የቀዳሁት፤ አባባም እንዳልከፍተው አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ድምፅ ሲገባ መስመር ወጣ ገባ ሲል ይታያል፤ ያንን አየሁ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ላይ መስመሩ ከፍ ከፍ ይላል፤ እንደ መቆጣት ነው የመሰለኝ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተኛና ለሁለት ደቂቃ ያህል ምንም ድምፅ አልነበረም። ያለቀ መስሎኝ ላቆመው ስል አባባ ገና ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መስመሩ እንደገና ተነሣ፤ ዝቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ፣ እስከ መጨረሻው እንደዚያው ዘለቀ። ምን እንዳሉሽ አላውቅም። ተቆጥተውሽም ሊሆን ይችላል፣ ለምነውሽም ሊሆን ይችላል። እንደጨረስኩ ካሴቷን አወጧት፣ ሪባኗን እየጎተቱ ዘረገፉትና ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

አባባ፣ ዲስክ ይሞታል፣ መንገድ ላይ ይጠፋል፣ ቢያንስ አንድ ቅጂ እዚህ ይቅር ብዬ ለመንኳቸው። “ለአንድ ሰው የተነገረ ነገር ቅጂ አያስፈልገውም” ብለው ጻፉ። ልዋሽሽ አልፈልግም፣ እጄ አላርፍ ብሎኝ ደብቄ ቀድቼው ነበር። ሁለት ቀን አቆየሁት። ሳልከፍተውም ውስጤ ሰላም አጣ፤ የማይመለከተኝን የሰረቅሁ መሰለኝ። ሦስተኛው ቀን ላይ አጠፋሁት፤ ከጥንዱም አብሮ እንደሚጠፋ አሁን አውቃለሁ።

የደረሰሽ ዕቃ እንግዲህ አምስተኛዋ ዲስክ ናት። ወደ እናንተ የምትመጣው የጎረቤታችን ልጅ በእጇ ነው የምታደርስልሽ። ሠላሳ ዘጠኙ ካሴቶች፣ የሠርጌ ቪዲዮ፣ የእማዬ ፎቶዎች ሁሉ አሉባት። የእኛ ሳጥን ብትቃጠል፣ ብትሰረቅ፣ ወይም እኔ እንደገና ብጃጃል፣ ሌላ ቤት ያለው ቅጂ አንቺ ጋ ነው። በየስድስት ወሩ አንዴ ሰክተሽ እያት፤ ልጆችሽ ጨዋታ እንዳይጭኑባት አደራ። አርባኛዋ “ለሚጢጢ” በሚል ፎልደር ለብቻዋ አለች። እሷ ሌላ ቦታ የለችም። ሥራዬ ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይኖር ማድረግ ነው፤ በአንድ ገመድ ብቻ የላክሁልሽ ይቺን ብቻ ነው። ብቻሽን ስትሆኚ ስሚያት። ከሰማሻት በኋላ ማስቀመጡም ማጥፋቱም ያንቺ ነው፤ እኔ አልጠይቅሽም።

ባለቤቴ እጅግ በጣም ናፍቀሽኛል ትላለች፤ አራት ገዝቶ ሁለት የሚያሳይ ወንድም ስለሰጠሽኝም አመሰግናለሁ በልልኝ ብላለች። ትልቋ ልጄ ፎቶሽን በቴሌቪዥን እያየች ከእሷ ጋር እንደምትመሳሰሉ ደርሳበታለች፤ ትስምሻለች። ትንሹ ስሙን ራሱ እጽፋለሁ ብሎ ከታች የሞነጫጨረውን ታያለሽ። ለባለቤትሽ የከበረ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፣ ልጆችሽን በየተራ ሳሚልኝ። የአባባን ሰላምታ እንዳደርስልሽ አባባ ዛሬ አላዘዙኝም። ደብዳቤውን ልዘጋ ነው፣ ለእታለም ምን ልበልልዎ ብዬ ብጠይቃቸው ደብተራቸውን አላወጡም። ዲስኳን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው እጄ ላይ አስቀመጧት።

ወንድምሽ

ከአባባ ክፍል፣ ከቴፑ አጠገብ
ቅዳሜ ከሰዓት፣ የካቲት ፲፬