የሸኙኝ ሁለቱ ልጆቼ

ለምወድህና ዓይኔ ላይ ለምትሄድብኝ ልጄ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያን ከባድ ቁም ሣጥን ስታነሳ የያዘህ ወገብህስ ለቀቀህ ወይስ ዛሬም ጎንበስ ስትል ፊትህን ታኮማትራለህ? ባለቤትህስ እንዴት ናት? መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትውል እግሯን የሚያሳብጣት ነገር ተሻላት? እንቅልፍስ? ሁለታችሁም መተኛት ጀመራችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን በደህና ገብቻለሁ። ከናፍቆታችሁና አንተም ከምታውቀው ሐዘን በቀር የጎደለብኝ የለም።

ቤቱን እንደተውኩት ነው ያገኘሁት። ጎረቤቴ መስኮቱን እየከፈተች ስታናፍሰው ከርማለች። ጆሮዬ ከመንገዱ በኋላ ሰንብቶ ነው የተከፈተው፤ እስከዚያ ሰው ሲያናግረኝ እህ፣ እህ እያልኩ ሳልሰማ ራሴን እነቀንቅ ነበር። እንቅልፌም ተገልብጦብኝ ቀን ቀን እያንቀላፋሁ የአንዷን ተማሪ ዩኒፎርም እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁትና መልሼ ስፈታ ዋልኩ። አሁን ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። እጄ ከመርፌ እንጂ ከእስክሪብቶ ጋር ብዙ አይግባባም፤ ጥቂት እጽፍና ተነስቼ የአንድ ጉርድ ቀሚስ ጠርዝ ሰፍቼ እመለሳለሁ። በስልክ መንገዱ እንዴት ነበር ስትለኝ ደህና ነበር ብዬ ያለፍኩት የምነግርህ አጥቼ አይደለም። የእህትህን ባል ባነሳሁብህ ቁጥር ኔትወርኩ ስለሚቆራረጥብህ ነው። ያንተ ኔትወርክ እንዴት ያለ አስተዋይ ነው ልጄ፣ እሱን ብቻ መርጦ ይቆርጣል። ወረቀት ግን አይቆረጥም ብዬ ብዕር አነሳሁ። የምለምንህ ነገር አለኝ፤ እሱም ከአማችህ ጋር እንድትታረቅ ነው። ገና ከመጀመሪያው የነገርኩህ መሃል ላይ ስትደርስ ተታለልኩ እንዳትል ነው። አሁን ወረቀቱን አታጥፈው። መንገዴን ልንገርህ።

ዊልቸር አዝዤልሻለሁ ስትለኝ መቆጣቴን ታስታውሳለህ። እግሬ ምን ሆነ፣ ገበያ ደርሼ የምመለስ ሴትዮ፣ አልኩህ። አንተም ዊልቸሩ ለእግርሽ ሳይሆን እንዳትጠፊ ነው፣ ገፊው ከበር እስከ በር ያደርስሻል፣ ማንበብም መጠየቅም አይኖርብሽም አልከኝ። እሺ ብዬ ተቀመጥኩ። ስቀመጥ ግን እህትህ ትዝ አለችኝ። እህትህ የሰው እናትና አባት በዚህ ዓይነት ወንበር ስትገፋ ነው የኖረችው። የሥራ ጓደኞቿ ትሠራበት የነበረውን የአረጋውያን ቤት ወስደው ሲያሳዩኝ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሮ ያየሁት ወንበር ይሄው ነበር። የእኔ ተራ ሲደርስ የምትገፋኝ እሷ ትመስለኝ ነበር።

ከዚያ ደግሞ እናንተ። አንተ በግራዬ፣ አማችህ በቀኜ፣ አንዳችሁ አንዳችሁን ሳታዩ። እሱ መያዣውን ሲይዝ «ተወው፣ እኔ እገፋታለሁ» አልከው። እሱም «አንተም ግፋ» አለህ እንጂ አልለቀቀም። እናም አንዱን መያዣ አንተ፣ አንዱን እሱ ይዛችሁ መግፋት ጀመራችሁ። አንተ ስትፈጥን እሱ ሲዘገይ ወንበሩ እየዞረ ከግድግዳ ሊያላትመኝ ነበር። የእህትህ ልጅ ሚጡ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። «አያቴ፣ መኪናሽ ሰክራለች» አለችኝ። አንተ አናጺ ነህና የተንጋደደ ነገር አይተህ ማለፍ አይሆንልህም፤ ተንበርክከህ የእግር ማሳረፊያውን አስተካከልክልኝ። እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነውና ተሳፋሪ በደንብ ሳይቀመጥ አይንቀሳቀስም፤ አሥር ጊዜ ተመቸዎት ወይ ይለኛል። ሁለታችሁም ስለ እኔ ታወራላችሁ፣ እርስ በርሳችሁ ግን አንዲት ቃል የለም።

መለያያው በር ላይ በየተራ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ አላችሁ። አንተ «እማዬ፣ ካርታውን አትዪ፤ ካየሽው አይሄድም» አልከኝ። እሱ አንተ ዞር እስክትል ጠብቆ «እማማ፣ ካርታውን እንዳያዩት፤ ካዩት አይሄድም» አለኝ። የምን ካርታ እንደሆነ ስላላወቅኩ ሁለታችሁንም እሺ ብዬ ሳምኳችሁ።

ፍተሻው ላይ ያዋረደኝን ነገር ሰምተህ አትስቅብኝ። መርፌና ስፒል ደረቴ ላይ መሰካት ልማዴ መሆኑን ታውቃለህ። ያን ዕለት ጠዋት የሚጡን ቀሚስ ሳሳጥር የሰካኋቸውን ረስቼ ሄጄ ማሽኑ ጮኸ። ፈታሿ አንዷን ነቅላ ስታስቀምጥ ሌላዋ፣ እሷን ስትነቅል ደግሞ ሌላዋ። በመጨረሻ ሴትዮዋም ሳቋን መያዝ አቃታት። ከእናንተ የተረከበኝ ገፊ ሽማግሌ በእጁ የመስፋት ምልክት አሳይቶ አስረዳልኝና አለፍን።

ካርታው ምን እንደሆነ የገባኝ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ፊት ለፊቴ ባለው ትንሽ ቴሌቪዥን ላይ ባሕርና መሬት ይታያል፤ መሃሉ ላይ ዝንብ የምታህል አውሮፕላን ተለጥፋለች። አፍጥጬ ጠበቅኳት። እውነትም አትሄድም። ሆስተሷን በምልክት ለምኜ ቴሌቪዥኑን አስጠፋሁ። ቀደም ብሎ ስንነሳ ጆሮዬ ሲደፈን፣ አንተ በሰጠኸኝ የእጅ ቦርሳ ውስጥ የሎሚ ከረሜላ አገኘሁና ጎረስኩ። እሱ ያስያዘኝን ፌስታል ስከፍት ደግሞ ያው የሎሚ ከረሜላ። ካንተ ከእግሬ የሚሰፋ ወፍራም ካልሲ፣ ከእሱም ከእግሬ የሚሰፋ ወፍራም ካልሲ። እነዚህ ወንዶች የእናታቸውን እግር ልክ እንኳ አያውቁም ብዬ አማኋችሁ። ቆይቶ እግሬ አብጦ ካልሲው ልኬ ሲሆን ነው ነገሩ የገባኝ።

አንተ ያኔ ብቻህን ልትበር ስትል እህትህ በስልክ ስታሠለጥንህ እዚሁ ቤት ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። ካልሲህ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ከመተላለፊያው በኩል ተቀመጥ፣ ባይጠማህም ተነስተህ ወደ ኋላ ሂድና ውሃ ጠይቅ፣ ከጎንህ ያለውን ሰው ሰላም በለውና ተወው፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ወሬው ቀድሞ ያልቅባችኋል ትልህ ነበር። ለእኔ የሚሆን አልመሰለኝምና በአንድ ጆሮዬ ነበር የሰማሁት። ባሏም ወደ እሷ ሲሄድ ብቻውን ነው የበረረው፤ ያንኑ አስተምራዋለች ማለት ነው። ለእኔ ግን አላስተማረችኝም። «አንቺን መጥቼ ራሴ እወስድሻለሁ፣ አንቺ ጎኔ ዝም ብለሽ መቀመጥ ነው» ትለኝ ነበር። ብቻዬን ነኝ ብዬ የተሳፈርኩ ሴት፣ እግሬን ያሞቀችው እሷ ሆና አገኘኋት። በእናንተ እጅ ነው የላከችልኝ። ግማሹን በአንተ፣ ግማሹን በእሱ ሳይሆን፣ ሙሉውን ለሁለታችሁም ሰጥታችኋለች።

ምሳ ከተበላ በኋላ መስኮቱን ሁሉ አስዘግተው በጠራራ ፀሐይ ጨለማ አደረጉት። ሰው ሁሉ ተኛ። ከጎኔ የነበረው ጎልማሳ አፉን ከፍቶ ትከሻዬ ላይ ወደቀ፤ የሰው ልጅ ነው ብዬ አልቀሰቀስኩትም። እኔ ሻርፔን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ አለቀስኩ። እናንተ ዘንድ ሳለሁ አንተ እንዳትሰበር፣ እሱ እንዳይሰበር፣ ልጅቷ እንዳትደነግጥ እያልኩ ዋጥ ሳደርገው የከረምኩትን ሁሉ አለቀስኩት። እዚያ የሚያጽናናኝም የማጽናናውም አልነበረም፤ የአውሮፕላኑም ድምፅ ይሸፍናል። ብቻውን ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው በእህትህ ምክር ላይ የምጨምረው ቢኖር ይህን ነው። ያላለቀሰ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ያልቅስ። ሲበቃኝ ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩና ውሃ በምልክት ጠየቅኩ። ሆስተሷ ዓይኔን አይታ አንዱን ብርጭቆ ስጨርስ ሳልጠይቃት ሌላ ቀዳችልኝ።

ከዚያ በኋላ መተላለፊያው ላይ ስመላለስ ስለ እናንተ አሰብኩ። ከቀብር ተመልሰን ሳሎን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሥራ ሥራ ስትል ገደልካት» አልከው። አልመለሰልህም። ዝም ያለው ጥፋቱን አምኖ መስሎህ ይሆናል። እኔ ግን ቤቱ ከርሜያለሁ። ራሷን ሲያማት ሐኪም ዘንድ እንሂድ ብሏታል፤ ድካም ነው፣ ፈረቃዬን ልጨርስ ብላዋለች። እኔንም በስልክ ደህና ነኝ ነው ያለችኝ። አንተም በዚያው ሰሞን አብረሃት በልተህ ምንም አላየህባትም። እህትህ የሰውን ሕመም ከሩቅ የምታውቅ፣ የራሷን የምትደብቅ ልጅ ነበረች። ሦስታችንንም ነው የደበቀችን።

አንተ ያን ሆስፒታል ላለማየት መንገድ ቀይረህ ነው አሉ ወደ ሥራ የምትሄደው፤ ባለቤትህ ነግራኛለች። አይፈረድብህም። እሱ የሚነዳው መስመር ግን በሆስፒታሉ በር ያልፋል። ቀይሩልኝ ብሎ አለቃውን ለምኖ ክፍት መስመር የለም ተብሏል። ስለዚህ በየቀኑ እዚያ ያቆማል፣ በሩን ይከፍታል፣ ሕመምተኛና ጠያቂ ያወርዳል፣ ይጭናል፣ ዘግቶ ይሄዳል። አንድ ቀን አብሬው ተሳፍሬ ከኋላው ተቀምጬ ነበር። እዚያ ሲደርስ አንገቱ እንጨት ሆነ፤ ተሳፋሪው ወርዶ እስኪያልቅ ወደዚያ አልዞረም። አንተ ከዚህ የበለጠ ምን ልትቀጣው ትችላለህ ልጄ?

አውሮፕላን የምንቀይርበት ቦታ ስንደርስ እንደኔው ዊልቸር ላይ የተቀመጡ እናቶች ካሉበት ጥግ አሰለፉኝ። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ ቋንቋችንን የምትናገር ሆነችልኝ። ወፍራም፣ ፊቷ የሚስቅ ሴት ናት። አይዞሽ፣ ምንሽን ነው የሚያምሽ አልኳት። «እኔን? ቋንቋዬን» አለችኝ። እግሯ እንደሆነ ከእኔም ይበረታል፤ ብድግ ብላ፣ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ በፈጣን እርምጃ ሽንት ቤት ደርሳ መጣችና እንደ በሽተኛ ተደላድላ ተቀመጠች። ጠባቂው ሲያያት አፉን ይዞ ቀረ። እህትህ ከተለየችን ወዲህ ድምፅ አውጥቼ የሳቅኩት ያኔ ነው። ስስቅ ራሴ ደነገጥኩ።

ከዚያ ስንት ልጆች አሉሽ ብላ ጠየቀችኝ። በዚህ መንገድ ከሁሉ የፈራሁት አውሮፕላኑን ሳይሆን ይህን ጥያቄ ነበር። ሁለት ብል ቀጥላ የት ናቸው ትለኛለች፤ አንድ ብል እህትህን ካድኳት። ሻርፔን ማስተካከል ያዝኩ። ያልሰማሁ መስሏት ነው መሰል፣ «ማን ሸኘሽ ታዲያ?» ብላ አዞረችልኝ። «ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ» አልኳት። እንዲሁ ከአፌ ወጣ። «አይ መታደል፤ ይዋደዳሉ?» አለችኝ። ዊልቸሬን አንድ ላይ ነው የገፉት አልኳት። ይህ ውሸት አይደለም። የጠየቀችኝን ግን አልመለስኩላትም። በሁለተኛው አውሮፕላን እንቅልፍ የነሳኝ ያ ነው።

የአንተና የእሱ ብቻ ቢሆን ጊዜ ይፈታው ብዬ እተወው ነበር። ሚጡ አለች። ፀጉሯን ሳበጥራት «አጎቴ የተቆጣው እኔን ነው?» አለችኝ። የሠራህላት ትንሿ ወንበር አንድ እግሯ ወልቋል። አባቷ በሙጫ ሊያጣብቃት ሲል «ተወው፣ አጎቴ ነው የሚያውቀው» ብላ ከለከለችው። ወንበሯ በሦስት እግሯ ግድግዳ ተደግፋ አንተን ትጠብቃለች።

እሱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሥራ አይገባም። ትመጣለህ ብዬ ነግሬዋለሁ፤ አንተን ሳልጠይቅ ነው፣ ተቆጣኝ። እሱ በስልክ «ይምጣ» ብቻ አለኝ። ልዘጋ ስል ደግሞ «ምን ልሥራለት?» ብሎ ጠየቀኝ። የትኛው እሑድ እንደሆነ አልነገርኩትም፣ ደብዳቤ መቼ እንደሚደርስ አይታወቅምና። ስለዚህ እሑድ በመጣ ቁጥር ምግብ ሠርቶ እየጠበቀህ ነው።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን አድርስልኝ፤ ማታ ማታ እግሯን በትራስ ላይ ከፍ ታድርግ። አለቃህን፣ ለኔ ብሎ ፈቃድ ስለሰጠህ፣ እናቴ አመስግናሃለች በልልኝ። ጎረቤቴም ሰላም ብላችኋለች።

ለእህትህ ባልና ለሚጡ የተለየ ደብዳቤ አልጻፍኩም። ሰላምታቸው እዚህ ወረቀት ውስጥ ነው፣ አድራሹም አንተ ነህ። በስልክ እንዳታደርሰው። ሚጡን አያትሽ ናት ብለህ ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። እሱን እናቴ ሰላም ብላሃለች በለው። በሩን ሲከፍትልህ ምን እንደሚልህ አላውቅም። ምንም ባይልህም ግባ።

የምትወድህ እናትህ
ከቤታችን፣ ከመስኮቱ ሥር
የካቲት ፲፱ ቀን